ለትንንሽ መንኮራኩሮች የሚሠሩ አነስተኛ የአዮን ሞተሮች

ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ግራም እስከ መቶ ኪሎ ግራም የሚደርስ ትንንሽ ሳተላይቶች ቁጥራቸው ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል። ዋጋቸው ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ በመሆኑ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አነስተኛ ኩባንያዎችና በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ጭምር የሳተላይት ባለቤት ለመሆን በቅተዋል። ይሁንና ከእነዚህ ሳተላይቶች በርካታዎቹ የራሳቸው ሞተር የላቸውም። በመሆኑም ሮኬቱ ካደረሳቸው ምህዋር ከፍ ወይም ዝቅ ለማለት፣ ከሌላ አካል ጋር እንዳይጋጩ ገለል ለማለት፣ አገልግሎታቸውን ሲጨርሱም በተወሰነ ጊዜ ወደ ከባቢ አየር ወርደው ለመቃጠል አይችሉም።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሚደረጉት ጥረቶች አንዱ አነስተኛ የአዮን ሞተር መሥራት ነው። ሞተሩ በጥቂት ነዳጅ ብዙ ሥራ የሚሠራ በመሆኑ ለትንንሽ ሳተላይቶች ተመራጭ ነው። ሆኖም እስከ አሁን በሕዋ የተካሄዱት ሙከራዎች እንደሚያሳዩት፣ ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ምን ያህል ይገፋል የሚለው ሳይሆን ሳይበላሽ ለምን ያህል ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። የቴክኖሎጂው አሠራር፣ የደረሰበት ደረጃና የሳተላይት ዕቅድ ለሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ያለው ትርጉም ከዚህ በታች ቀርቧል።

የአሠራሩ መርህ

ማንኛውም መንኮራኩር አየር በሌለበት ሕዋ ወደ ፊት የሚሄደው አንድን ነገር ወደ ኋላ በመወርወር ነው። በኬሚካል የሚሠሩ ሮኬቶች ነዳጅ አቃጥለው የጋለ ጋዝ ያስወጣሉ። የአዮን ሞተር ግን ምንም ነገር አያቃጥልም። ሥራውን የሚያከናውነው ከፀሐይ ብርሃን በሚገኝ ኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ሂደቱም ሦስት ደረጃዎች አሉት።

በመጀመሪያ፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ የሚገባው ጋዝ አተሞቹ ኤሌክትሮን እንዲያጡ ይደረጋል። ኤሌክትሮን ያጣ አተም ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አዮን ይሆናል። ቀጥሎም በክፍሉ መውጫ ላይ የተገጠሙና ወንፊት የሚመስሉ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ሰሌዳዎች አንድ ሺህ ቮልት ገደማና ከዚያም በላይ በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል አዮኖቹን ስበው በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ውጭ ያስወነጭፏቸዋል። በመጨረሻም ከሞተሩ ጎን ያለ ሌላ መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን እየረጨ የሚወጣውን የአዮን ጅረት ሙል ያመጣጥናል። ይህ ባይደረግ ኖሮ መንኮራኩሩ ኔጋቲቭ ሙል እያጠራቀመ የወረወራቸውን አዮኖች መልሶ ይስብ ነበር።

የአሠራሩ ጥቅም ከፍጥነቱ የሚመነጭ ነው። በሳተላይቶች ላይ በብዛት የሚያገለግለው ሃይድራዚን የተባለው ኬሚካል ከሞተሩ የሚወጣው በሰከንድ 2 ነጥብ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው። በአንጻሩ በአንድ አነስተኛ የአዮን ሞተር የሚወጡት አዮኖች አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለሆነም 20 ኪሎ ግራም የሚመዝንን ሳተላይት ፍጥነት በሰከንድ 100 ሜትር ለመለወጥ በሃይድራዚን 900 ግራም ያህል ሲያስፈልግ፣ በአዮን ሞተር 83 ግራም ገደማ ይበቃል።

ለዚህ ቁጠባ የሚከፈለው ዋጋ የግፊት ኃይሉ ማነስ ነው። የአነስተኛ ሞተሮች ግፊት የሚለካው በሚሊኒውተን ወይም በማይክሮኒውተን ሲሆን፣ አንድ ሚሊኒውተን በመሬት ላይ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ከሚመዝን ነገር ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። በመሆኑም የአዮን ሞተር ከመሬት ሊያስነሳ አይችልም። አገልግሎት የሚሰጠው ሳተላይቱ በሮኬት ተጓጉዞ ሕዋ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚያም የ0 ነጥብ 8 ሚሊኒውተን ግፊት 20 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሳተላይት ላይ ያለማቋረጥ ቢያርፍ በአንድ ቀን ፍጥነቱን በሰከንድ 3 ነጥብ 5 ሜትር ያህል ይለውጠዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ውጤቱ የሚገኘው በጉልበት ሳይሆን በጽናት ነው።

ከትልቁ ወደ ትንሹ

በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራ የሕዋ ሞተር ሐሳብ የቆየ ነው። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ በ1911 በጽሑፍ አንስቶታል። ሐሳቡ ወደ ተግባር የተሸጋገረው ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሃሮልድ ካውፍማን የተባሉት የአሜሪካ የበረራና የሕዋ አስተዳደር ናሳ ተመራማሪ በኦሃዮ ግዛት በሚገኘው የመሥሪያ ቤቱ ማዕከል ሞተሩን ከሠሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ ሐምሌ 20 ቀን 1964 የተወነጨፈችው ሰርት-1 የአዮን ሞተር በሕዋ ውስጥ ለ31 ደቂቃ ያህል በመሥራት መርሁ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለች።

እ.ኤ.አ ጥቅምት 24 ቀን 1998 የተወነጨፈችው ዲፕ ስፔስ-1 ደግሞ ሞተሩን ለዋና ጉዞ በመጠቀም ፈር ቀዳጅ ሆናለች። ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ዜኖን የተባለ ጋዝ ይዛ የተነሳችው ይህች መንኮራኩር እ.ኤ.አ በታህሣሥ 2001 ተልዕኮዋን እስከ ፈጸመችበት ጊዜ ድረስ ሞተሯ ከ16 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ በ2003 የተነሳችው የጃፓን ሃያቡሳ የአንድ አስትሮይድ ናሙና ይዛ በ2010 ወደ መሬት የተመለሰችው፣ እ.ኤ.አ በ2007 የተነሳችው የናሳ ዶውን መንኮራኩርም ቬስታንና ሴሬስን ተራ በተራ ለመዞር የቻለችው በአዮን ሞተር ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን ትልልቅ መንኮራኩሮች ናቸው። የዲፕ ስፔስ-1 ሞተር 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 2 ነጥብ 3 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ይወስድ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ በ1999 በካሊፎርኒያ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች የተነደፈው ኩብሳት የተባለው የትንንሽ ሳተላይት መለኪያ መነሻው በየአቅጣጫው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ነው። ሦስት ወይም ስድስት ሣጥን የሚያህል ሳተላይት ከጥቂት ዋት እስከ ጥቂት አሥር ዋት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ብቻ ያመነጫል። ስለዚህ ለኩብሳት የሚሆነው ሞተር በአንድ አምፖል ኃይል የሚሠራ መሆን አለበት ማለት ነው።

ማሳነሱ ያስከተላቸው ችግሮች

ትልቁን ሞተር በተመሳሳይ ቅርጽ አሳንሶ መሥራት የታሰበውን ውጤት አያስገኝም። አንደኛው ምክንያት የስፋትና የይዘት ግንኙነት ነው። የአንድ ክፍል ጎኖች በግማሽ ሲቀነሱ የውስጥ ይዘቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ሲወርድ የግድግዳው ስፋት ግን የሚወርደው ወደ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ይህም ከይዘቱ አንጻር ግድግዳው በእጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ብዙ አዮኖች ወደ መውጫው ከመድረሳቸው በፊት ከግድግዳው ጋር ተጋጭተው ስለሚመክኑ፣ እነርሱን ለመፍጠር የወጣው ኤሌክትሪክ በከንቱ ይባክናል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ አቅርቦት ጉዳይ ነው። የሳተላይቱን ዝቅተኛ ቮልት ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚለውጠው መሣሪያ፣ ኤሌክትሮን የሚረጨው ክፍልና ማሞቂያው ሁሉ ከዚያው ጥቂት ዋት ይካፈላሉ። ትንሽ ሣጥን ሙቀትን ወደ ውጭ የሚያስወጣበት ገጽም ውስን ነው።

ሦስተኛው የከፍተኛ ቮልት አደጋ ነው። ወንፊት መሳይ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ የሚራራቁት ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። በመካከላቸው አንዲት የብረት ቅንጣት ብትገባ ሞተሩ በአጭር ዙር ሊቆም ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ አዮኖች ሰሌዳዎቹን ቀስ በቀስ እየመቱ ይበሏቸዋል።

አራተኛው የነዳጅ አያያዝ ነው። ዜኖን በአየር ውስጥ እጅግ በአነስተኛ መጠን የሚገኝ ውድ ጋዝ ከመሆኑም በላይ የሚከማቸው በከፍተኛ ግፊት ነው። ትንንሽ ሳተላይቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሕዋ የሚሄዱት ለሌላ ትልቅ ሳተላይት በተዘጋጀ ሮኬት ላይ ተደርበው በመሆኑ፣ ሊፈነዳ የሚችል ዕቃ ይዞ መሳፈር ጥብቅ የደህንነት ምርመራ ይጠይቃል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

ለተጠቀሱት ችግሮች መፍትሔ ፍለጋ ተመራማሪዎች በሦስት አቅጣጫ ሠርተዋል።

የመጀመሪያው ባለወንፊቱን ሞተር እንደያዙ በማይክሮዌቭ ወይም በሬዲዮ ሞገድ አዮን መፍጠርና ነዳጁን መለወጥ ነው። ከዜኖን ይልቅ ትኩረት የሳበው አዮዲን ነው። በገበታ ጨው ውስጥ የሚጨመረውና ቁስል ለማጠቢያ የሚያገለግለው ይህ ንጥረ ነገር በተለመደው የአየር ሙቀት ጠጣር በመሆኑ የግፊት ታንክ አያስፈልገውም። ሲሞቅም ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝነት ሊለወጥ ይችላል። ችግሩ ብዙ ብረቶችን የሚበላ መሆኑና ቱቦዎቹ ከቀዘቀዙ ተመልሶ በመጠጠር መተላለፊያ ሊዘጋ መቻሉ ነው።

ሁለተኛው በጨው መሰል ፈሳሽ የሚሠራው ነው። ፈሳሹ በጣም ስስ በሆነ አፍንጫ ጫፍ ላይ ለጠንካራ የኤሌክትሪክ መስክ ሲጋለጥ ሾጣጣ ቅርጽ ይይዝና ከጫፉ አዮኖችን ወይም ጥቃቅን ጠብታዎችን ይረጫል። ይህ አሠራር ጋዝ፣ ታንክና የጋለ ክፍል አይፈልግም። በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ የሚመራ የአውሮፓ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ በ2012 ይፋ ያደረገው ማይክሮትረስት የተባለ ናሙና ነዳጁንና መቆጣጠሪያውን ጨምሮ 200 ግራም ያህል የሚመዝን ነበር። አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳተላይት በዚህ ሞተር፣ በ100 ሚሊ ሊትር ነዳጅ፣ ስድስት ወር ገደማ በሚፈጅ ጉዞ ወደ ጨረቃ ምህዋር ሊደርስ እንደሚችል ቡድኑ በወቅቱ አስልቶ ነበር። ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ የጠብታ ሞተሮች እ.ኤ.አ በታህሣሥ 2015 በተወነጨፈችው ሊሳ ፓዝፋይንደር ላይ ከ5 እስከ 30 ማይክሮኒውተን በሚደርስ ግፊት መንኮራኩሯን በረቀቀ ሁኔታ ለማረጋጋት አገልግለዋል።

ሦስተኛው ፈሳሽ ብረት የሚጠቀመው ነው። በኦስትሪያ የተሠራው የዚህ ዓይነት ሞተር ኢንዲየም የተባለውን ብረት በ157 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አቅልጦ በኤሌክትሪክ መስክ አዮኖቹን ያወጣል። ግፊቱ ከ10 እስከ 350 ማይክሮኒውተን ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በምህዋር የተሞከረው እ.ኤ.አ በ2018 ነው።

በሕዋ የተገኙ ውጤቶች

በቤተ ሙከራ አየር አልባ ክፍል የተገኘ ውጤት በሕዋ ይደገማል ማለት አይደለም። ቀጥሎ የቀረቡት ሦስት ጉዞዎች ይህን ያስረዳሉ።

የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ከጃፓን የሕዋ ድርጅት ጋር በመተባበር የሠራት ፕሮሲዮን 65 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን መንኮራኩር ስትሆን፣ እ.ኤ.አ ታህሣሥ 3 ቀን 2014 ከሃያቡሳ-2 ጋር በአንድ ሮኬት ተወንጭፋለች። ዕቅዱ በአነስተኛ የአዮን ሞተር አቅጣጫዋን እያስተካከለች እ.ኤ.አ በ2016 በአንድ አስትሮይድ አጠገብ እንድታልፍ ነበር። ሞተሩ በሚገባ ሥራውን ቢጀምርም 223 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2015 በከፍተኛ ቮልት ክፍሉ ላይ በተፈጠረ አጭር ዙር ቆመ። መልሶ ለማስነሳት የተደረገው ጥረትም አልተሳካም። የአስትሮይዱ ጉዞ ተሰረዘ። ይሁንና መንኮራኩሯ በዚያው ዓመት ቹርዩሞቭ-ጌራሲሜንኮ የተባለችውን ጅራታም ኮከብ ከርቀት በመመልከት ጠቃሚ የሳይንስ መረጃ አስገኝታለች።

ሁለተኛው የተሳካ ሙከራ ነው። ትረስትሚ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው የአዮዲን ሞተር እ.ኤ.አ በኅዳር 2020 በቻይና በተወነጨፈችና 20 ኪሎ ግራም ያህል በምትመዝን ሳተላይት ላይ ተገጥሞ ወጣ። 1 ነጥብ 2 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ ሞተር እያንዳንዳቸው ከ80 እስከ 90 ደቂቃ በወሰዱ ሥራዎች የሳተላይቷን ከፍታ በየጊዜው ከ200 እስከ 400 ሜትር ለውጧል። ድምሩም ከሦስት ኪሎ ሜትር በልጧል። ውጤቱ እ.ኤ.አ በኅዳር 2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ሲሆን፣ አዮዲን በሕዋ ውስጥ ሞተር ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ሙከራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሦስተኛው የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሉናኤች-ማፕ የተባለች ኩብሳት ናት። በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አካባቢ ሃይድሮጅን ለመፈለግ የተዘጋጀችው ይህች ሳተላይት ከአንድ ዓመት በላይ በሮኬቱ ውስጥ ተቀምጣ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ ኅዳር 16 ቀን 2022 በአርቴሚስ-1 በረራ ተወንጭፋለች። መሣሪያዎቿ ቢሠሩም የአዮዲን ሞተሯ ቫልቭ በመጣበቁ ሞተሩ ሊነሳ አልቻለም። በዚህም ምክንያት በጨረቃ ምህዋር ሳትገባ ቀርታለች።

ከሦስቱም የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። የአዮን ፊዚክሱ ያስቸገረበት ቦታ የለም። ጉዞዎቹን ያሰናከሉት አጭር ዙርና የተጣበቀ ቫልቭ፣ ማለትም በማንኛውም ፋብሪካ የሚታወቁ የጥራትና የጥገና ችግሮች ናቸው። ልዩነቱ በሕዋ ውስጥ ጠጋኝ አለመኖሩ ነው።

ከምህዋር የማስወገድ ኃላፊነት

የአነስተኛ ሞተር ጉዳይ ከቴክኒክ አልፎ የአስተዳደር ጉዳይ የሆነው በሕዋ ውስጥ የተበተነው ፍርስራሽ በመብዛቱ ነው። እ.ኤ.አ የካቲት 10 ቀን 2009 አገልግሎት ያቆመችው የሩሲያ ኮስሞስ-2251 በሥራ ላይ ከነበረችው የአሜሪካ ኢሪዲየም-33 ጋር በመጋጨቷ ሁለቱም በሺህ ወደሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ተለውጠዋል። በዝቅተኛ ምህዋር ያለ ሳተላይት ከሳሳው የአየር ንብርብር ጋር እየተፋተገ በጊዜ ብዛት ይወርዳል። ይህም በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ዓመታትን ሲወስድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ለረጅም ጊዜ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ ሳተላይቶች አገልግሎታቸውን በጨረሱ በ25 ዓመት ውስጥ ከዝቅተኛ ምህዋር እንዲወገዱ የሚጠይቅ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ በመስከረም 2022 ይህንኑ ጊዜ ወደ አምስት ዓመት ዝቅ ያደረገ ሲሆን፣ የአውሮፓ የሕዋ ድርጅትም በ2023 ለራሱ ተልዕኮዎች ተመሳሳይ ገደብ አስቀምጧል። ሞተር የሌለው ሳተላይት ይህን ሊያሟላ የሚችለው በበቂ ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ከተቀመጠ ወይም ሌላ የማውረጃ ዘዴ ካለው ነው።

ሕጋዊ ኃላፊነቱ የሚያርፈውም በመንግሥታት ላይ ነው። የ1967ቱ የሕዋ ስምምነትና የ1972ቱ የጉዳት ኃላፊነት ስምምነት እንደሚደነግጉት፣ ሳተላይት የሚያመጥቅ ወይም በሌላ አገር ሮኬት የሚያስመጥቅ መንግሥት ሳተላይቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታህሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ሁለተኛዋን ደግሞ ታህሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም ከቻይና ማስወንጨፏ ይታወሳል። እንደነዚህ ያሉ ትንንሽ ሳተላይቶችን ለሚያዝዙ አገሮች ሁሉ ሳተላይቱ ምን ፎቶግራፍ ያነሳል ከሚለው ጎን ለጎን፣ ሥራውን ሲጨርስ እንዴት ይወርዳል የሚለው በውሉ ውስጥ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

በዕቅድና በግዥ ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

በአምራቾች መግለጫ ላይ ጎላ ብሎ የሚጻፈው የግፊት ኃይሉ ወይም የነዳጅ ቁጠባው ነው። ይሁንና ወሳኙ መለኪያ ሞተሩ በዕድሜው የሚሰጠው ጠቅላላ ግፊት፣ ማለትም የግፊት ኃይሉ በሥራ ሰዓቱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰውን 20 ኪሎ ግራም ሳተላይት በሰከንድ 100 ሜትር ለመለወጥ 2 ሺህ ኒውተን ሰከንድ ያስፈልጋል። ይህም በ0 ነጥብ 8 ሚሊኒውተን ሞተር ወደ 694 ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው። ተመሳሳይ ሞተር እንደ ፕሮሲዮን በ223ኛው ሰዓት ላይ ቢቆም የሚሳካው ከዕቅዱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ወጥ ሙከራ ስንት ሰዓት እንደሠራና ከዚያ ውስጥ በሕዋ የተገኘው ስንቱ እንደሆነ ተለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ነጥብ ሞተሩ ከረጅም ማከማቻ ጊዜ በኋላ የመነሳት ብቃቱ ነው። የሮኬት መነሻ ቀን መራዘም የተለመደ በመሆኑ፣ ነዳጅ እንደተሞላ ለአንድና ለሁለት ዓመት ቢቀመጥ ቫልቩና ቱቦዎቹ ምን እንደሚሆኑ በሙከራ መታየት አለበት።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሒሳብ ነው። የሚጠቀሰው ዋት የሞተሩ ብቻ ነው ወይስ የቮልት መለወጫውንና ማሞቂያውን ያካትታል የሚለው መለየት ይገባዋል። ሞተሩ ሲሠራ ካሜራውና የመረጃ ማስተላለፊያው አብረው ሊሠሩ ካልቻሉ፣ እያንዳንዱ የሞተር ሰዓት ከአገልግሎት ሰዓት የሚቀነስ ነው።

አራተኛው ግጭትን የማስወገድ ሥርዓት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ሳተላይት ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ከአሥር ደቂቃ በፊት ቢደርስ ሞተሩ ከቦታዋ ሊያዛውራት የሚችለው ሰባት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው ከአንድ ቀን በፊት ከደረሰ ግን የአንድ ሰዓት ሥራ በማግሥቱ ሳተላይቷን በምህዋሯ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስቀድማት ወይም ሊያዘገያት ይችላል። በመሆኑም አነስተኛ ሞተር መግዛት ብቻውን በቂ አይደለም። ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ በዕለቱ ውሳኔ የሚሰጥ ባለሙያና የምድር ጣቢያ ሊኖር ይገባል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ለማውረጃ የሚቀመጠው ነዳጅ ነው። ሳተላይቱ ፎቶግራፍ ማንሳቱን እስከቀጠለ ድረስ ዕድሜውን የማራዘም ፍላጎት ይኖራል። ይሁንና ሞተሩ በመካከሉ ቢበላሽ የቀረው ነዳጅ ጥቅም ስለማይሰጥ፣ የማውረጃው ሥራ መቼ እንደሚጀመር አስቀድሞ መወሰንና ውሳኔውን ማክበር ያስፈልጋል።

በአጠቃላይ አነስተኛ የአዮን ሞተሮች ከሙከራ ደረጃ ወደ መደበኛ አገልግሎት በመሸጋገር ላይ ይገኛሉ። የሚሰጡት ግፊት ከአንዲት ላባ ክብደት የማይበልጥ ቢሆንም፣ ትንንሽ ሳተላይቶች ሮኬቱ ጥሏቸው በሄደበት ቦታ ብቻ ተወስነው እንዳይቀሩ ያስችላሉ። ቴክኖሎጂው የታሰበውን ጥቅም የሚሰጠው ግን የሞተሩ የሥራ ሰዓት በማስረጃ ሲረጋገጥ፣ የሳተላይቱም የመጨረሻ ቀን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በዕቅድ ውስጥ ሲካተት ነው።